የካቦው ዓይን

«ድንቢጥ» እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ቁመቷ አጭር፣ እግሯ ፈጣን፣ ንግግሯም ቆረጥ ቆረጥ ያለ ስለሆነ ባሏ ገና እጮኛው ሳለች የሰየማት ነው። እሱ ደግሞ በአንድ ትልቅ የወይን እርሻ የሠራተኞች ካቦ ነበርና፣ «ወይን ጠብቅ ቢሉት ድንቢጥ አገባ» እያሉ ሠራተኞቹ ሲስቁበት ኖረዋል። ድንቢጥ ወይን ላይ የምትሠራውን ለማያውቅ ሰው ቀልዱ አይጥመውም። ፍሬው ሊበስል ሲል በመንጋ ትወርድና ዘለላውን አንድ እዚህ አንድ እዚያ እየወጋች ታልፋለች፤ የተወጋው ይሻግታል፣ የሻገተው አጠገቡ ያለውን ያሻግታል። ካቦው ግን መልስ አያጣም ነበር። «የኔዋ ድንቢጥ ዘለላ አትነካም» ይላል፤ «እኔን ብቻ ነው የምትወጋኝ።»

ቤታቸው ከእርሻው አጥር ውስጥ ነው። ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማብሰያ፤ በአንድ በኩል የመሣሪያና የመድኃኒት መጋዘኑ፣ በሌላ በኩል ዋናው በር። የመኝታ ቤቱን መስኮት ሲከፍቱት የወይኑ ረድፍ ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ ሽቅብ እስከ ኮረብታው አናት ይዘልቃል፤ ቋሚ፣ ሽቦ፣ ሐረግ፣ ደግሞ ቋሚ፣ ደግሞ ሽቦ። ድንቢጥ አንድያ ልጇን የወለደችውም፣ ያሳደገችውም፣ የዳረችውም በዚያ ቤት ነው። ቤቱ ግን የእርሻው ነው። ካቦ የሆነ ይኖርበታል፤ ካቦነቱ ሲቀር ቁልፉን አስረክቦ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ግድግዳው ላይ ምስማር ሲመታ እንኳ እጁ ይሳሳል።

የካቦው ዓይን መሄድ የጀመረው ከዳር በኩል ነው። መጀመሪያ ትከሻው ከቋሚ ጋር መጋጨት አበዛ። ቀጥሎ መንገድ ላይ የተቀመጠ የመልቀሚያ ሣጥን ጠልፎት ወደቀ። ድንቢጥ መጠጥ ጀመረ ብላ ትንፋሹን ስታሸት ሰነበተች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ውሃ ስታቀብለው እጁ ብርጭቆውን አልፎ ሄደና አየር ጨበጠ። በማግሥቱ ከተማ ወርደው ሐኪም ዘንድ ገቡ።

ሐኪሙ በመብራት ሲያየው ቆይቶ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «አባባ፣ የጠፋው አይመለስም» አለው። «ይህን ጠብታ ካላቋረጡ የቀረው ሊቆይልዎ ይችላል። አሁን እርስዎ የሚያዩት በቧንቧ ውስጥ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው።»

«ቧንቧው ይዘጋል?»

«ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…» ብሎ ሐኪሙ ሳይጨርሰው ቀረ።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ካቦው እጇን ያዘ። በሰው ፊት እጇን የመያዝ ልማድ አልነበረውም።

«ለማንም አትናገሪም» አላት።

«እስከ መቼ?»

«ልጄን ይንሳኝ ብለሽ ማይልኝ።»

«በልጅ ይማላል እንዴ? ምን ነካህ?»

«ሌላ የምትፈሪው የለማ። እግዜርንም ስትቆጪው ሰምቼሻለሁ።»

ስቃ ልትመልስለት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ያ ያንን ሁሉ ሠራተኛ በአንድ ቃል የሚያሰልፍ ሰው እንደ ተገሠጸ ሕፃን ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። «በር ላይ እንደ ድንጋይ ያስቀምጡኛል» አለ። «እሱም ካዘኑልኝ። ካላዘኑልኝ ደግሞ ጓዛችንን ጠቅልለን የልጃችን ቤት ወለል ላይ ነን። አማቻችን ምን ይለናል?»

ድንቢጥ ማለች። ልጄን ይንሳኝ አለች።

የክርከማ ወቅት ደረሰ። ክርከማ የሚባለው ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ሲተኛ የዓመቱን ሐረግ ቆርጦ መቀነስ ነው። ያኔ የተሠራ ስሕተት ዓመት ሙሉ ይከተላል፤ ብዙ ሐረግ ከተተወ ዘለላው ይበዛና ፍሬው ውሃ ውሃ ይላል፣ ከመጠን በላይ ከተቆረጠ ደግሞ ግንዱ በንዴት ቅጠል ብቻ ያወጣል። ካቦው የየረድፉን መጀመሪያ ግንድ በራሱ እጅ ይከረክምና ለሠራተኞቹ «እንዲህ» ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ድንቢጥ ከሽቦው ማዶ ሆና፣ ሐረግ የምታስር መስላ፣ እኩል አብራው ትሄዳለች። እሱ በጣቱ ይዳብሳል፣ እሷ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትነግረዋለች።

«እሱን ተወው፣ ደርቋል። ቀጥሎ ያለው።»

«ውፍረቱ?»

«እንደ ትንሿ ጣትህ።»

«መልኩስ?»

«ቡናማ ነው። ጫፉ ላይ ጠቁሯል።»

«ጫፉን እንቀንስለታ» ይላል፤ መቀሱ ቀጭ ይላል።

ሠራተኞቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። ነገር የሚጀምረው የትራክተሩ ሾፌር ነበር። ችኩሌ ይሉታል፤ የሚሉትም በተቃራኒው ነው፤ ሲናገርም፣ ሲራመድም፣ ሲነዳም ጊዜ የተፈጠረው ለእሱ ብቻ ይመስለዋል። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አለ አንድ ቀን፣ ትራክተሩ ላይ ተደግፎ። «ካቦ፣ ሙሽርነት አገረሸብህ እንዴ? ለሽንትም አብራችሁ ነው የምትሄዱት?» ሁሉም ሳቀ። ካቦውም ሳቀ። ድንቢጥ የቋጠረችውን ሐረግ ፈትታ እንደገና ቋጠረችው።

ወይን ካቆጠቆጠ በኋላ ማረፍ የለም። ትርፍ ቡቃያ መልቀም፣ የተረፈውን ከሽቦ ማስደገፍ፣ ፀሐይ እንዲገባ ቅጠል ማሳሳት፣ የመስኖው ቱቦ እንዳይደፈን መፈተሽ፣ ከሁሉም በላይ ሻጋታን መጠበቅ። ዝናብ ባረፈ ማግሥት ካቦው በየረድፉ ቅጠል እየገለበጠ ያይ ነበር። አሁን የምትገለብጠው እሷ ናት። «ነጭ ነገር አለ» ስትለው፣ «ምን ዓይነት ነጭ? ዱቄት የተነፋበት ነው ወይስ ጥጥ የበቀለበት?» ይላታል። ጥጥ ከሆነ በላይኛው የቅጠሉ ፊት ዘይት የነካው የመሰለ ቢጫ ምልክት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። አንዱ መድኃኒት ለአንዱ አይሆንም። እሷም አየችለት፣ ለየች፣ ተማረች። መማሯ ግን ደስ አላሰኛትም። ባወቀች ቁጥር የበለጠ ታስፈልገዋለች፤ ባስፈለገችው ቁጥር ገበያ መውጣት፣ ጎረቤት መጠየቅ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ማጠብ እንኳ ቀረባት። ትራክተር በተንቀሳቀሰ፣ ሰው በተጣራ ቁጥር ካቦው ፊቱን ወደ እሷ ያዞራል። ጥላ እንኳ ፀሐይ ስትጠልቅ ታርፋለች።

የእርሻው ባለቤት አንዲት መበለት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን በእጇ ያደረገች፣ ቦት ጫማ ከእግሯ የማይጠፋ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላታል። ፒክአፗን ከረድፉ አፍ ታቆምና በመስኮት፣ «ካቦ፣ ላይኛው እንዴት ነው?» ትላለች።

«ደህና ነው እትዬ» ይላል ካቦው። «በውሃ መውረጃው በኩል ትንሽ ሻጋታ ይታየኛል፤ ነገ እንረጨዋለን።»

ይታየኛል ባለ ቁጥር ድንቢጥ ወደ ቅጠሉ ታጎነብሳለች። ባለእርሻዋ ግን ካቦዋን ታምነው ነበር፤ ራሷን ነቅንቃ ትሄዳለች።

ልጅቷ በየሳምንቱ ከከተማ ትደውላለች። ሆዷ እየገፋ፣ ድምፅዋ እየሳሳ ሄዷል። «እማዬ፣ ስወልድ ትመጫለሽ አይደል?»

«እንዴት አልመጣም?»

«ባለፈውም እመጣለሁ ብለሽ ቀረሽ። የዚያን ጊዜ ክርከማ ነው አልሽ፤ አሁን ደግሞ ቅጠል ነው ትይኛለሽ። አባዬ ካቦ ነው፣ አንቺ ምንድን ነሽ? ማን አስሮ ያዘሽ?»

ድንቢጥ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ታዞራለች። ካቦው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፤ አንገቱን ደፍቷል። ልትናገር ብትፈልግ ምላሷ ላይ ያለው መሐላ በዚችው በምትሰማት ልጅ ስም ነው። «ሥራ በዛ እንጂ» ትላለች። ልጅቷ ዝም ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእናትና የልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ ድንቢጥ ሽታው ይመጣባት ነበር።

ልጅቷ የወለደችው የወይኑ ፍሬ እንደ አተር በሆነበት ሰሞን ነው። ምጡ ከብዶባት በኦፕራሲዮን ተገላገለች። የደወለው አማቻቸው ነበር። ድንቢጥ ስልኩን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ካቦው ቦርሳዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ ዳብሶ አውርዶ አልጋው ላይ አስቀምጦታል።

«ሂጂ» አላት።

«አንተስ?»

«ሥራ ላላ ያለበት ሳምንት ነው። ከመርጨት በቀር ምንም የለም፤ የሚነዳው ችኩሌ ነው። መጋዘኑን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። ሂጂ አልኩሽ፣ ልጄን እይልኝ።»

ሄደች። አውቶቡሱ ከእርሻው አጥር ሲርቅ ትከሻዋ ሳታዘው ወረደ። ከተማ ስትደርስ ልጇ አልጋ ላይ ፊቷ ገርጥቶ፣ ሕፃኗን በክንዷ ይዛ ነበር። ሕፃኗ ሴት ናት፤ ጠጉሯ እንደ እንቡጥ ጫፍ ለስላሳ። ድንቢጥ አጠበች፣ አበሰለች፣ ሕፃኗን አስገሳች፣ ልጇን ደግፋ አስነሣች። ማንም «ድንቢጥ» ብሎ አይጠራትም፤ ማንም ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ምን አየሽ አይላትም። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳና የተሰጣ ልብስ ብቻ ነበር፤ ድንቢጥ ግን ቆማ ልብሱን ስታይ ትውላለች። ምንም ዓይነት ሽቦ፣ ምንም ዓይነት ረድፍ የለበትም። እዚህ ብቀርስ አለች በልቧ። ያን ማሰቧ ራሱ እንደ ሌብነት አስደነገጣት።

ልጅቷም እየለሰለሰች መጣች። «ስታቅፊያት እጅሽ ይቆረቁራታል» አለቻት አንድ ከሰዓት።

«የመቀስ ነው። መዳፌ ደነደነ።»

«አንቺ መቀስ ይዘሽ አታውቂም ነበር።»

ድንቢጥ የሕፃኗን ጨርቅ አስተካከለች።

ስልኩ የመጣው በማግሥቱ ነው። ካቦው ነበር፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ነይ» አለ። «የላይኛው ተቃጠለ።»

«እሳት ነው?»

«አይደለም። ነይ ብቻ።»

ልጅቷ በሩ ላይ ሆና ስትሸኛት አላለቀሰችም። «አባዬ ሌላ ሰው የለውም?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ድንቢጥ ከአውቶቡስ ስትወርድ የእርሻው በር አጠገብ ችኩሌ የልብስ ቋጠሮው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ተነሣ፤ በሕይወቱ እንዲያ ፈጥኖ ተነሥቶ አያውቅም።

«እታለም፣ እኔ አብጃለሁ?» አላት።

«ምን ሆንክ?»

«የአረም መድኃኒት ነው የረጨሁት። የሻጋታ መስሎኝ ወይኑ ላይ የአረም መድኃኒት ረጨሁበት። እትዬ አባረረችኝ።» አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ግን እታለም፣ እኔ አልቀላቀልኩትም። መድኃኒት የሚቀላቅለው ካቦ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካም፣ ታውቂያለሽ። ራሱ ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ራሱ ለክቶ በርሜሉ ውስጥ ጨመረው። እኔ፣ ‹ካቦ፣ ይሄ ነው?› ብዬዋለሁ። ‹ንዳ› አለኝ። ነዳሁ። አሁን እትዬ ስትጠይቀው፣ ‹እኔ ያዘዝኩት የሻጋታውን ነው› አላት። እንደዚያ ሲል ፊቱን አላየኝም። እኔ የምልሽ፣ ልረሳው እችላለሁ? እኔ ነኝ የቀላቀልኩት?»

«አላበድክም» አለች ድንቢጥ። የበሩን ብረት ያዘች። «ሩቅ አትሂድ። እህትህ ቤት ሰንብት።»

ወደ ቤቱ ሳትገባ ቀጥታ ኮረብታውን ወጣች። የላይኞቹ ረድፎች የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ይመስላሉ። ቅጠሉ ዳርና ዳሩ ተኮማትሮ፣ መሐሉ በቡናማ ነጠብጣብ ተበሳስቶ፣ ሲነኩት እንደ አሮጌ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አተር የሚያህለው ፍሬ አንድ ጎኑ ጠቁሮ ተጨማድዷል። ከታች ያለው አረንጓዴ፣ ከላይ ያለው የተቃጠለ፤ ድንበሩ በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ድንቢጥ አንዱን ዘለላ በመዳፏ ይዛ ቆመች። ዓመቱን ሙሉ ያየችለት፣ ጥጡን ከዱቄቱ የለየችለት ነበር።

ካቦው መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ኮቴዋን ሲሰማ ተነሣ።

«መጋዘኑን አጥበውት ነበር» አለ ሳትጠይቀው። «አንቺ በሄድሽ ማግሥት። ሲመልሱ የጀሪካኖቹን ቦታ አቀያየሩት። ቦታው ላይ ያለው የሻጋታው መስሎኝ… ሽታውን እንዳልለይ ይሄ አፍንጫዬ በምንረጨው የድኝ ዱቄት ካለቀ ቆየ።»

«ችኩሌን በር ላይ አገኘሁት።»

ካቦው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሰውየው አብጃለሁ ወይ ይለኛል» አለች። «ራሱን ተጠራጠረ። አንተ የተናገርከውን ቃል ከሚጠራጠር አእምሮውን ቢጠራጠር ቀለለው።»

«አልዋሸሁም። ያዘዝኩት የሻጋታውን ነው።»

«እንዲህ ያለውን እውነት ከውሸት የሚለየው ምንድን ነው?»

«ምን ልበላት? ዓይኔን ስታጣራ ሁሉም ነገር አበቃ። ይሄ ቤት፣ ይሄ…» እጁን ዘረጋ፤ ግድግዳውን ሊያሳያት ነበር፤ መስኮቱን ነካ። «ችኩሌ ወጣት ነው። ሌላ ሥራ ያገኛል።»

«ትነግራታለህ።»

«አልችልም።»

«እንግዲያስ ስማኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የማልኩት አልናገርም ብዬ ነው። አልናገርም። አያለሁ ብዬ ግን አልማልኩም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንቢጥ ማየት ተወች። ምግብ አቀረበች፣ ጠብታውን ዓይኑ ውስጥ አደረገችለት፣ ልብሱን አጠበች። ከደጃፉ ሲወጣ ግን አልተከተለችውም። ካቦው ሥራ ላይ ብቻውን ወጣ። ሠራተኞቹ አንድ ነገር ሲጠይቁት፣ «እንደ ትናንቱ» እያለ፣ ጆሮውን እያቆመ፣ ሽቦውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ተጓዘ። ድንቢጥ ከመስኮቱ ታየዋለች። ትከሻው ቋሚ ሲመታ እሷን የመታት ያህል ያማታል፤ ግን ከመስኮቱ አልራቀችም፣ ከቤቱም አልወጣችም። መንገላታቱን በዓይኗ እያየች መቀመጥ ከመከተልም የባሰ እስር ሆነባት።

ባለእርሻዋ የተቃጠለውን ልታጣራ የመጣች ዕለት ድንቢጥን ጠርታ አስወጣቻት፤ ሐረግ የሚያስር እጅ ጎድሎ ነበር። ሦስቱም ከላይኛው ረድፍ ቆሙ። ግንዶቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው አዲስ ቡቃያ ማውጣት ጀምረው ነበር፤ አንዳንዶቹ እንደ በትር ደርቀዋል። የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ካቦው ነው።

«በል ካቦ» አለች ባለእርሻዋ። «ከዚህ ጀምር። ይሄ ይተርፋል?»

ካቦው ፊቱን ወደ ድንቢጥ አዞረ። ድንቢጥ ሽቅብ ኮረብታውን ታያለች። ከንፈሯ ተገጥሟል።

«ካቦ፣ አንተን ነው የጠየቅሁት።»

ጎንበስ ብሎ ግንዱን ዳበሰ። እጁ ወደ ታች ወረደ፣ አፈሩን ነካ፣ ተመለሰ። ቡቃያው በግንዱ ማዶ ነበር፤ አላገኘውም። ባለእርሻዋ እጁን ስታይ፣ ቀጥሎ ፊቱን ስታይ ቆየች። ካቦው ቀና ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ፣ አላይም» አለ።

ነፋሱ የደረቀውን ቅጠል አንኮሻኮሸ።

«ችኩሌ አይደለም። የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ጀሪካኑን አላየሁትም። ጠየቀኝ፣ ንዳ አልኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?»

«ከክርከማ በፊት።»

ባለእርሻዋ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስትቆጣ የምትጮህ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር። «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ማን ነበር የሚያይልኝ?» አለች። ዓይኗን ከባልየው ወደ ሚስትየዋ አዛወረች፣ ተነሥታ ፒክአፗ ውስጥ ገባች፣ ሄደች።

ድንቢጥ በዚያው ዕለት ጓዝ ማሰር ጀመረች። ካቦው አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። እሷ ድስት በጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ብርድ ልብስ ታጥፋለች፤ ሲጥ እንዳይል ተጠንቅቃ። የተጠነቀቀችው ለእሱ አዝና ብቻ አይደለም። ደስ ብሏት ነበር። ባሏ እንዲህ ወድቆ፣ ቤቷ ተፈቶ፣ ልቧ ግን የዚያን የጎረቤት ግድግዳና የተሰጣ ልብስ ያስባል። ወለሉ ላይም ቢሆን እንተኛለን፣ ሕፃኗን እይዛለሁ፣ ማንም ምን አየሽ አይለኝም ትላለች። ደስታዋን ካቦው በኮቴዋ እንዳያውቅባት ጫማዋን አወለቀች።

ባለእርሻዋ ስትመለስ ችኩሌ ከፒክአፑ ጋቢና ወረደ። አጠገቧ ተቀምጦ የመጣው እሱ ነበር፤ ቋጠሮውን አቅፏል። ድንቢጥን አይቶ ራሱን ዝቅ አደረገ። ባለእርሻዋ ደጃፉ ላይ ቆማ የታሰረውን ጓዝ ተመለከተች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁልፉን ልናስረክብ ነው፣ እትዬ።»

«ማን አስረክቡ አለ? ካቦው ዓይኑን አጣ እንጂ እርሻው ዓይኑን አላጣም። ሠራተኛውን ሁሉ ስጠያይቅ ነበር፤ የሰማሁት ስለ አንቺ ነው። ካቦነቱን አንቺ ትይዢዋለሽ። ቤቱም አይነካም፣ እሱም ከቤቱ አይወጣም። ለችኩሌ ይቅርታ ጠይቁ፤ እኔም ጠይቄዋለሁ።»

ከውስጥ የአልጋው ሽቦ ተንጫረረ። ካቦው ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ድንቢጥ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ አላየችውም። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለ፤ ሌላ ሊጨምር ሲል ለቅሶ ቀደመው። ዞሮ ችኩሌን በእጁ ፈለገው። ችኩሌ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ጊዜውን ወስዶ፣ ቀረበና እጁን ሰጠው።

ሁሉም ድንቢጥን ይጠብቃሉ።

«እትዬ፣ ልጄ አራስ ናት» አለች። «ከተማ ልሄድ ነበር።»

«መከር ቀርቧል። ከመከር በኋላ ትሄጃለሽ።»

ከመከር በኋላ ክርከማ አለ። ከክርከማ በኋላ ቡቃያ አለ። ባለእርሻዋ ይህን ታውቃለች፤ ድንቢጥም ታውቃለች፤ ከመከር በኋላ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ባሏ የችኩሌን እጅ እንደያዘ፣ ባዶ ዓይኑን ወደ ድምፅዋ አቅንቶ፣ ከበረንዳው ቋሚ ላይ ተደግፎ ቆሟል። በዚያች ቅጽበት ቤቱን ከእጁ ብትነጥቀው ከዚያ በኋላ እጁን ይዛ የምትመራው ሰው አይኖርም። «እሺ» አለች። የጓዙን ገመድ ራሷ ፈታችው።

በማግሥቱ ጠዋት ለልጇ ደወለች። ዝርዝሩን ሁሉ ነገረቻት፤ ቧንቧውን፣ አውቶቡሱን፣ መሐላውን።

«በኔ ነው የማልሽው?»

«በአንቺ ነው።»

«ምጥ ላይ ሆኜ፣ እናቴ ጠላችኝ እያልኩ አለቀስኩ እኮ።» ከዚያ በስልኩ ውስጥ ሳቅም ለቅሶም የማይሆን ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ደግሞ ካቦ ሆንሽ? ሰው እንዴት ሊወጣ ሲል በሩን ራሱ ይዘጋል?»

ድንቢጥ ስለ ሕፃኗ እንቅልፍ ጠየቀቻት።

መከሩ ደረሰ። ታችኛው ረድፍ ደህና ሰጠ፤ ላይኛው ምንም። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሰሞን «ካቦ» ሊሏት አፋቸው ተያዘ፤ ኋላ ለመዱት። ባሏ ሣጥን የሚደረደርበት ጥላ ሥር ተቀምጦ የተለቀመውን ዘለላ በጣቱ ይመረምራል፣ የተሰነጠቀውንና የላላውን ይለያል፤ በዚህ ማንም አይደርስበትም ነበርና ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመረ። ይቅርታ ያደረገለት ችኩሌም እየመጣ አጠገቡ ይቀመጣል። ድንቢጥ ከረድፍ ረድፍ ስትሮጥ ሳቃቸው ይደርሳታል። ቅናት ይሁን ድካም ለይታ አላወቀችውም።

ልጅቷ የመጣችው የመጨረሻው ሣጥን በተጫነ ሰሞን ነው። ሕፃኗ አንገቷን አቅንታለች። ካቦው ተቀበላትና ፊቷን በጣቱ ጫፍ ዳበሰ፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። «የድንቢጥ አገጭ ነው» አለ። ሕፃኗ ጣቱን ይዛ ወደ አፏ ወሰደችው።

እናትና ልጅ በተለቀመው ረድፍ መካከል ሄዱ። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ልጅቷ በሽቦው ላይ እጇን እያሳለፈች፣ «እዚህ ስሮጥ ነው ያደግሁት፤ አሁን እንዴት ጠበበ?» አለች።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው።»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ወይኑ ሲያርፍ።»

«መቼ ነው የሚያርፈው?»

ከላይኛው ረድፍ አንድ ሠራተኛ፣ «ካቦ፣ ቱቦው ፈንድቷል» ብሎ ተጣራ። ሁለቱም ቀና አሉ። ድንቢጥ የልጇን ክንድ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችና፣ «ሕፃኗን ፀሐይ እንዳያገኛት» ብላ ሽቅብ ሄደች።